የተቆረጠው የመድኃኒት ጫፍ

ባለቤቴ አቻምየለሽ ማንኩሳ ገበያ ላይ የወደቀች ዕለት እኔ ጨው እየገዛሁ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር ስትወድቅ አላየኋትም። የሰማሁት ሰው ሲሸሽ ነው። ሰው ሲሸሽ ድምፅ አለው፤ ቅርጫት ይገለበጣል፣ እናቶች ልጆቻቸውን በስም ይጠራሉ። ዞር ስል ከሽንኩርት ሻጮቹ መካከል ሰፊ ክብ ተከፍቷል። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬያት የኖርኩ ሚስቴ ክቡ መሐል ላይ ትንፈራገጣለች።

ደፍሮ የቀረባት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ክብሪት ይዞ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ክብሪት ለኩሶ ጭሱን ማሽተት ልማዳችን ነው። ማን እንደጀመረው አላውቅም። በሽታውን ሲያባርር ግን አንድም ቀን አላየሁም። ሰውዬው የመጀመሪያውን ለኮሰ፣ ጠፋበት። ሁለተኛውን ለኮሰና አስጠጋ፤ በጣም አስጠጋ። እኔ ሰው እየገፈተርኩ ስደርስ የላይኛው ከንፈሯ ተቃጥሎ ነበር። የክብሪት ሽታ፣ የቆዳ ሽታ፣ የተረገጠ ሽንኩርት ሽታ፤ ሦስቱ ተደባልቀው አፍንጫዬ ውስጥ ገቡ። እስካሁንም አልወጡም።

«አይዞዎት አባቴ፣ አሁን ይለቃታል» አለኝ ሰውዬው። ክፋት የለበትም፤ የሚያውቀውን ነው ያደረገው። እጁን መምታት ሲገባኝ አመሰገንኩት።

አሁን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፣ ልጆቼ። አቻምየለሽ ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ሙሉ አልወደቀችም ነበር። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነጭ ክኒን እየዋጠች ወንዝ ወርዳ ልብስ አጥባለች፣ ሁለት ሴት ልጆች ድራለች፣ በሠርጋቸውም ጨፍራለች። በሽታው እንዳለባት የረሳ ጎረቤትም ነበር። ክኒኑን የምናመጣው ፍኖተ ሰላም ከምትታከምበት ክሊኒክ ነው። ባለፈው ግንቦት መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት ሲጠፋ ጊዜ ግን ወደ ቡሬ ዞርኩ። ቡሬ የክርስትና ልጄ ባንተአምላክ መድኃኒት ቤት አለው።

ባንተአምላክን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ካህኑ ውኃ ሲያፈሱበት ጣቴን ጨብጦ የጮኸው ጩኸት ትዝ ይለኛል። ሌላውን ሰው ሁሉ «አልቋል» ብሎ ሲመልስ ለእኔ ከጓዳ ያወጣልኝ ነበር። እኔም ደረቴን ነፍቼ እመለስ ነበር፤ ዘመድ ያለው ሰው እንዲህ ነው እያልኩ። ነሐሴ ላይ አቻምየለሽ ማንኪያ እንደያዘች ዓይኗ ፈዝዞ መቅረት ጀመረች። መስከረም ላይ ሁለት ጊዜ ቤት ውስጥ ወደቀች። ክረምቱ ነው አልን። ከዚያ ገበያ ላይ ወደቀች።

ሰኞ ዕለት ክሊኒክ ወሰድኳት። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ወረፋው በር ድረስ ነበር። «መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ወስደዋል?» አላት። «አንድም ቀን አላቋረጥኩ» አለች። «እንግዲያው በሽታው በርትቷል፤ እጥፍ እናደርገዋለን» ብሎ ጻፈልን።

ወረቀቱን ይዘን ወደ መድኃኒት መስጫው መስኮት ሄድን። እዚያ ያለችው ምስክር የምትባል ልጅ ናት፤ የመድኃኒት ባለሙያ ነች። አነበበችና አቻምየለሽን ከንፈሯን አየቻት።

«እማማ፣ እስካሁን የሚወስዱትን ክኒን ይዘውታል?»

አቻምየለሽ ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ ሰጠቻት፤ ከግንቦት ወዲህ ከውጭ እንደምንገዛው እኔ ነገርኳት። ክኒኑ አሥር አሥር ሆኖ በብልጭልጭ የታሸገው ነው። ሦስት እሽግ ነበር። ምስክር አንዱን ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው።

«ጫፉስ?»

«የምን ጫፍ?» አልኳት እኔ።

«የእሽጉ ጫፍ፣ አባባ። እዚህ ያለው የመድኃኒቱ ስም ብቻ ነው። ማን እንደሠራውና መቼ እንደሚያበቃ የሚታተመው ጫፉ ላይ ነበር። በመቀስ ተቆርጧል።»

ሁለተኛውን አየች። ሦስተኛውን አየች። ሦስቱንም ጎን ለጎን ደረደረቻቸው።

«አንዱ ብቻ ቢቆረጥ ክኒኑን ቆጥሮ ለመስጠት ነው እል ነበር» አለች። «ሦስቱም በአንድ በኩል፣ በአንድ ልክ ሲቆረጡ ግን…» አልጨረሰችውም። አንድ ክኒን ገፍታ አወጣችና በሁለት ጣቷ ያዘችው። ሳትጫነው እንደ ኖራ ተፈረፈረ። ጣቷን አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወጥታ እጇን ታጥባ ተመለሰች።

«አባባ፣ ነገሩን ልንገርዎት። ዶክተሩ እጥፍ ያለው ይኼ ክኒን ደኅና ነው ብሎ ነው። ክኒኑ ደኅና ሆኖ በሽታው ከበረታ ዶክተሩ ልክ ነው። ክኒኑ የሞተ ከሆነ ግን እማማ አምስት ወር ያለ መድኃኒት ነው የቆዩት። እንደዚያ ከሆነ ከእኔ ዘንድ ያለውን ደኅናውን በእጥፍ ብሰጣቸው ይጎዳቸዋል።»

«የድሮውን ልክ ስጫት እንግዲያ።»

«በሽታው በርትቶ ከሆነስ? ዳግመኛ ሲወድቁ ወንዝ ዳር ቢሆንስ?»

አቻምየለሽ ታዳምጥ ነበር። ከንፈሯ ላይ ቅባት ተቀብታ ስለነበር መናገር ይከብዳታል።

«ምን ይሻላል?» አልኳት።

«ማን እንደሠራውና ቀኑን አምጡልኝ። ፋብሪካው ከታወቀ ባሕር ዳር ደውዬ አጣራለሁ። እስከ ሐሙስ የሦስት ቀን በድሮው ልክ እሰጣችኋለሁ። እስከዚያ ግን ብቻቸውን አይተዋቸው፤ እሳትም ውኃም አያስጠጓቸው።»

ማክሰኞ ጠዋት አቻምየለሽን ከጎረቤታችን ከእናኑ ጋር ትቼ በሚኒባስ ቡሬ ገባሁ።

ባንተአምላክ ነጭ ጋወን ለብሶ ለአንዲት ሴት ክኒን እየቆረጠ ነበር። መቀሱ በገመድ ታስሮ ከባንኮኒው ጎን ተንጠልጥሏል። አንደኛው ስለት ሸርፎ ጥርስ አውጥቷል። ቆርጦ ሰጣትና እኔን ሲያይ ከባንኮኒው ወጥቶ ጉልበቴን ሳመ።

«አብዬ ይሄይስ፣ ምነው በማክሰኞ? እማማ አቻም ደኅና ናቸው?»

«ወደቀች።»

«የት?»

«ገበያ መሐል። ሰው እያያት።»

እጁን አፉ ላይ አደረገ። በእውነት ያዘነ መሰለኝ። ወንበር አወጣልኝ፣ ከጎረቤት ለስላሳ አስመጣልኝ፣ እስክጠጣም ቆሞ ጠበቀኝ።

«ክሊኒኩ የክኒኑን ፋብሪካ ይፈልጋል» አልኩት። «ማን እንደሠራው ንገረኝና ልመለስ።»

ሳቀ። «አብዬ፣ ጤፍ ሲገዙ ማን እንዳረሰው ይጠይቃሉ?»

«ዘር ስገዛ እጠይቃለሁ። የማን ማሳ እንደሆነ ሳላውቅ ዘር ገዝቼ አላውቅም።»

«መድኃኒት እንደሱ አይደለም። ስሙ አንድ ከሆነ ማንም ይሥራው፣ ያው ነው።»

«ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም?»

«ካርቶን ተቃጥሏል። ሲከማች አይጥ ይጠራል።»

«ጫፉንስ ለምን ትቆርጠዋለህ?»

ዓይኑ ወደ መቀሱ ሄዶ ተመለሰ።

«ሹል ነው፤ እጅ ይቧጥጣል። ለእናንተ ለሽማግሌዎቹ ብዬ ነው እኮ፣ አብዬ።»

ከዚያ ጓዳውን ከፈተ። በቡሬ እንደ ብዙ ቤት እሱም በርበሬ ያከማቻል፤ በሩ ሲከፈት የበርበሬው ብናኝ አስነጠሰኝ። ከበርበሬው ሥር ግን ሌላ ሽታ ነበር። እርጥብ ካርቶን፣ የአይጥ ሽንት። የሚስቴ ክኒን ሲቀመጥ የከረመው እዚያ ነው። ሁለት እሽግ ይዞ ወጣ። ጫፋቸው ተቆርጧል።

«ይኼን በነጻ ይውሰዱላቸው። ዶክተሩ እጥፍ ካለ ልክ ነው፤ እጥፍ ይስጧቸው። ይልቅ ዳጉሳው እንዴት ሆነልዎ? ያ የወፍ ማስፈራሪያ ሠራ?»

ይኼን ልንገራችሁ። መስከረም ላይ ዳጉሳዬን ወፍ ሊጨርሰው ነው ብዬ ሳማርርለት፣ ከዚያው ጓዳ አንድ ፌስታል ሙሉ ብልጭልጭ ቁርጥራጭ አውጥቶ ሰጥቶኝ ነበር። ሲባጎ ላይ ይሰኩት፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ወፍ አይጠጋም አለኝ። እኔና አቻምየለሽ ሁለት ቀን ሙሉ በወስፌ እየበሳን ሰካነው። ማሳውን ሦስት ዙር ዞረ። ነፋስ ሲመጣ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል፤ ወፎቹም እውነትም ሸሹ። በዚያን ጊዜ እጄን ራሱ ላይ ጭኜ መርቄው ነበር።

«ሠርቷል። እግዜር ይስጥህ» አልኩት፤ ሁለቱን እሽግ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ጉልበቴን ደግሞ ሳመ።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብሏል። አቻምየለሽና እናኑ ከማሳው ዳር፣ ከማማው ሥር ተቀምጠዋል። ማማው ላይ መውጣት ከልክያታለሁ፤ ወንጭፉ ግን ጭኗ ላይ ነው።

«አገኙት?» አለችኝ።

«ያው ነው ይላል። ማንም ይሥራው ያው ነው ይላል።»

እሽጎቹን ሰጠኋት። ከንፈሯ እያመማት አገላብጣ አየች። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ሸክላ ስትሠራ ያደገች የእናቷ ልጅ ናት፤ ጣቷ ያያል። የተቆረጠውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ይኼ ጥርስ ምንድነው?»

«የመቀሱ ነው። ሸርፏል።»

ተነሣች። እናኑ ልትደግፋት ተነሣች፤ በእጇ ገታቻት። ወደ ሲባጎው ሄዳ አንድ ቁራጭ በጠሰች። አየችው፣ ጣለችው። ሌላ በጠሰች። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ከዚያ መጥታ ፊቴ ቁጢጥ አለችና እሽጉን በግራ፣ ቁራጩን በቀኝ ይዛ አስጠጋቻቸው። ያቺ ጥርስ ቁራጩ ላይ ካለችው ጎድጓዳ ገባች። የተሰበረ እንስራ ገሉን ከገሉ ስትገጥሙት አይታችኋል? እንደዚያ ነው የገጠመ።

«ጫፉ ይኸው» አለች። «ስንሰካው የከረምነው እሱን ነው።»

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ነፋስ መጣና ሲባጎው ሁሉ ተንሿሿ። ሁለት ወር ሙሉ ስሰማው ደስ ይለኝ የነበረ ድምፅ ነው። የዚያን ዕለት ቀፈፈኝ፤ ሰው ተደብቆ የሚስቅ መሰለኝ። ባንተአምላክ ቁራጩን ልጥለው ብሎ ገደል አልከተተውም፣ አላቃጠለውም። ለእኔ ሰጠኝ። ይሄይስ ምን ያነባል ብሎ ነው። ቢያነብም ምን ይገነዘባል ብሎ ነው።

ደግሞ አንብቤ ነበር እኮ። ፊደልና ቁጥር በመሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ፤ የፈረንጅ ፊደሉን አላውቀውም እንጂ ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ስንሰካ ቁራጩ ላይ 2022 የሚል አይቼ፣ «ይኼ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል፤ ምን አስጥሎት ይሆን?» ብያት ነበር። አሁንም ያው ቁጥር አለ።

«ቀኑ ግን አላለፈም» አልኳት። «2022 ነው፤ እኛ 2018 ላይ ነን። ክኒኑ ደኅና ነበረ ማለት ነው።»

ፊቷ ጠወለገ። እኔም የተናገርኩት ነገር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከተናገርኩት በኋላ ነው። ክኒኑ ደኅና ከነበረ በሽታዋ በርትቷል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ትንፋሿን ስሰማ አደርኩ።

ሐሙስ ማለዳ ሲባጎውን ሦስቱንም ዙር ጠቅልዬ በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ፣ አቻምየለሽን አስከትዬ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ምስክር ከመስኮቱ ወጥታ ከኋላ ያለች ጠባብ ክፍል አስገባችን። ቁራጩንና እሽጉን ጠረጴዛው ላይ አቻምየለሽ ራሷ ገጠመችላት።

ምስክር ጎንበስ ብላ አነበበች። የፋብሪካውን ስም ነገረችን፤ ባሕር ማዶ ያለ ነው፤ ስሙ ለአፌ አልመች ብሎኝ እስካሁን አልያዝኩትም። ከዚያ መደርደሪያዋን ከፍታ አንድ ሙሉ እሽግ አወጣችና ጎኑ አስቀመጠችው። እኔ እንኳ አየሁት፤ ጽሑፉ አንድ ነው።

«እማማ አምስት ዓመት ከእኛ የወሰዱት የዚሁ ፋብሪካ ነው» አለች። «ፋብሪካው አንድ ነው።»

«እንግዲህ በሽታው ነዋ» አልኩ። «ቀኑም ገና ነው። 2022 ይላል።»

ምስክር ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ ይኼ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ መጋቢት 2014 ማለት ነው። ካበቃ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል።»

አቻምየለሽ እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና «ተመስገን» አለች። አያችሁ፣ በሽታዋ አልበረታም ማለት ነው። እኔ ግን ተመስገን ለማለት አፌ አልከፈት አለኝ። ምራቄ እንደ ኮሶ መረረኝ። አምስት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ ውኃ አቀብዬ ያስዋጥኳት የሞተ ነገር ነው። ዋጪው፣ አይዞሽ፣ ዋጪው እያልኩ።

ምስክር የዶክተሩን ወረቀት ይዛ ሄዳ ቆይታ ተመለሰች። እጥፍ ያለው ተሰርዟል። የድሮው ልክ ይሁን ብሎ ፈርሟል። መድኃኒቱን ቆጥራ ከሰጠችን በኋላ ከረጢቱን ከፈተች። ጓንት አጥልቃ ሲባጎውን እየሳበች ቁራጮቹን ማንበብ ጀመረች።

«ይኼ የደም ግፊት ነው። ይኼም። ይኼ የስኳር ነው።» ሳበች። «ይኼ ነፍሰ ጡሮች የሚወስዱት ነው።» ከዚያ በኋላ ስም መጥራቱን ተወች፤ ቀኑን ብቻ እያየች ትስባለች። ሲባጎው አላልቅ አለ።

«ይኼን የሰጠዎት ማነው?»

ወደ አቻምየለሽ ዞርኩ።

«ለመድኃኒት ተቆጣጣሪዎቹ ማመልከት አለብኝ። ቁራጩ ብቻውን አይበቃም። ከማን እጅ እንደመጣ ቃልዎን መስጠት አለብዎት፣ አባባ።»

«እስከ ሰኞ ታገሺኝ» አልኳት። ልጄ ነው ማለት አፍሬ ነው። ጉልበቴን የሳመ ነው፤ አርባ ቀኑ ላይ ጣቴን የጨበጠ ነው። ደግሞ ሳልነግረው ከኋላው መሄድ ነውር መሰለኝ። ማታ ደወልኩለት።

«ጫፉን አገኘሁት» አልኩት። ክሊኒኩ ቃሌን እንደሚፈልግ ብቻ ጨመርኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በራችን ላይ ሰው ቆመ። የደብራችን መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር ሁለት ሽማግሌዎች። ከኋላቸው ባንተአምላክ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል። ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲለምን እኔ ራሴ ሠላሳ ዓመት ሽምግልና ተቀምጬ ስንቱን አይቻለሁ። ድንጋዩን አየሁት። ኮቱ እንዳይቆሽሽ በፌስታል ጠቅልሎታል።

ልጆቼ፣ ከነገሩ ሁሉ ይቅር ልለው ያልቻልኩት ያቺን ፌስታል ነው።

«ይሄይስ» አሉ መሪጌታ፣ «ያለ አንተ ሽምግልና በዚህ አገር የታረቀ የለም። ሽማግሌ ሲለምን እምቢ አይባልም ስትል የኖርክ አንተ ነህ። የክርስትና ልጅ ከሥጋ ልጅ አያንስም። ሰው ነው፣ ተሳስቷል። ቃል ከመስጠትህ በፊት ማርልን።»

«ምን አድርጎ እንደተሳሳተ ነግሯችኋል?»

«ቀኑ ጥቂት ያለፈ መድኃኒት ሸጥኩ ብሏል።»

«ጥቂት?»

ባንተአምላክ ከድንጋዩ ሥር ተናገረ። «አብዬ፣ መርዝ እኮ አይደለም። ቀኑ ያለፈ ክኒን ሰው አይገድልም። ቢበዛ ምንም አያደርግም።»

እውነቱን ነው፤ ምንም አላደረገም። በዚህ መካከል አቻምየለሽ ከቤት ወጣች። ነጠላዋን አጣፍታለች፣ በእጇ ክብሪት ይዛለች። ሽማግሌዎቹን እጅ ነሥታ አልፋ ባንተአምላክ ፊት ቆመች።

«ልጄ፣ እስቲ ቀና በል።»

ቀና አለ። ክብሪቱን ጫረችና አፍንጫው ሥር አስጠጋችው። ፊቱን ሲመነጭቅ ድንጋዩ ከትከሻው ወድቆ ተንከባለለ። ፌስታሉ ተቀደደ።

«ሸሸህ» አለችው ቀስ ብላ። «እኔ መሸሽ አልቻልኩም።»

እፍ ብላ አጠፋችው። ጭሱ በመካከላችን ቆመ። ያ ሽታ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ፤ የገበያው ዕለት ከሸሹት መካከል ነበር፣ አውቃለሁ።

«አባቶቼ» አለች፤ «የእኔን ምሬዋለሁ። ስለ ከንፈሬም፣ ገበያ መሐል ስለ መጋለጤም ምሬዋለሁ፤ እግዜር ይስማኝ። ሲባጎው ላይ ያሉትን ሌሎቹን ግን አላውቃቸውም። የግፊት አለ፣ የስኳር አለ፣ የነፍሰ ጡር አለ። የት አገር እንዳሉ፣ ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም። የማላውቀውን ሰው ቁስል እንዴት አድርጌ ልማር?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደገፉ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «የመጣነው የአንዷን ይዘን ነው። የሌላውን ለመጠየቅ ውክልና የለንም።» ወደ ባንተአምላክ ዞሩ። «ድንጋይህን አንሣና እንሂድ።»

አላነሣውም። ሲሄዱ ድንጋዩ እዚያው ቀረ። እስካሁን በራችን ላይ አለ፤ አቻምየለሽ ልብስ ታሰጣበታለች።

ሰኞ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። የጻፉትን መስመር በመስመር አንብቤ ነው የፈረምኩት። ጸሐፊው «ያምኑናል አባባ፣ ይፈርሙ» ቢለኝም አነበብኩት። የባንተአምላክ ጉዳይ በሕግ ተይዟል፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልናገርም። የመረቅሁበትን እጄን ግን ያን ሰሞን ደጋግሜ ታጥቤዋለሁ።

ሲባጎውን ለማስረጃ ስላስቀሩት ማሳችን ባዶውን ቀረ። ወፎቹ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። የታችኛውን እርሻ እኩሌታ በሉት። አቻምየለሽ ከማማው ሥር ሆና በወንጭፍ የቻለችውን አዳነች።

አልወደቀችም። ጥር አልፎ የካቲት ገብቷል፣ አልወደቀችም። ከንፈሯ ላይ ትንሽ ነጭ ጠባሳ ቀርቷል። ማታ ማታ ውኃውን በጣሳ ይዛ ትጠብቀኛለች። እኔ እሽጉን ወደ ብርሃን አስጠግቼ ጫፉን አያለሁ፤ ከዓመቱ ላይ ስምንት እቀንሳለሁ፤ ተሳስቼ እንዳይሆን ደግሜ እቀንሳለሁ። ከዚያ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ሳላነብላት አትውጥም።